ጋሼ ባህረዲን ሽክርክሪት ላይ የወጡበት እሁድ

ሻርጃ፣ የካቲት 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ የአጎቴ ልጅ ለጋሼ ባህረዲን፤
አዲስ አበባ፣ መርካቶ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሱቅዎን በሰላም ከፍተው በሰላም የሚዘጉበትን፣ ኢክላስም ከትምህርት ቤት እየሮጠች የምትገባበትን ቀን አላህ አያጉድልብን። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። የምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ሥራው በዝቷል፤ ወገቤን ያመኛል እንጂ ሌላ የለብኝም።

ጋሼ፣ ባለፈው ጁምዓ ስደውል ኢክላስ ስልኩን ይዛ ዝም አለችኝ። ምን ሆነሽ ስላት «ክፍላችን በሙሉ መዝናኛ ፓርክ ሄደ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። አስተማሪዋ ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ሥዕል ስትስል እንድትውል አድርጋት ነበር አሉ። እርስዎ ያልፈቀዱበት ምክንያት እንደሚኖርዎ አውቃለሁ፤ ልወቅስዎ አይደለም። ጥያት ስሄድ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እስከ ዛሬ እሾህ እንኳን ሳይወጋት ያቆያችሁልኝ እርስዎና ባለቤትዎ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ናችሁ። ግን ልጅ ናት፤ ገና ስምንት ዓመቷ ነው። ሲመችዎ አንድ እሁድ ይዘዋት ቢሄዱ ደስ ይለኛል።

ነጋዴው ሙናዊር ዕቃ ሊያመጣ እዚህ መጥቶ ስለነበር በእሱ እጅ ቢጫ ቀሚስና ጫማ ልኬላታለሁ። ቀሚሱን ራሴ ነኝ የሰፋሁት። ለእርስዎም ሹራብ አለ።

ዱዓዎ አይለየኝ።
ሉብና

*

መርካቶ፣ መጋቢት 15 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሉብና፤

ወዓለይኩም አሰላም። በሰው አገር ጉልበትሽንም ልብሽንም አላህ ይጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን። ሹራቡ ልክ ነው። ቀሚሱ ትንሽ ይረዝማል፤ ለሷ ግን ሲረዝም ነው የሚያምራት፤ ስትዞር እንዲነፋ ትፈልጋለች።

በስልክ ሳወራ አፌ ይያያዛል፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ወረቀት ላይ ነው የምረጋው።

ትምህርት ቤቱ ፈርሙ ብሎ የላከውን ወረቀት ኪሴ ከትቼ ስዞር ሰነበትኩ። ልፈርም እስክሪብቶ አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ያን ሁሉ ልጅ ባንድ አውቶቡስ ጭነው! ፍሬኑን ማን አየው? ሹፌሩስ ማነው? ከዚያ ቀኑ አለፈ።

እኔን ታውቂኛለሽ። የኛ ተራ የተቃጠለ ጊዜ ሰው በሰው ላይ እየተረማመደ ሲወጣ እኔ መሐል ነበርኩ። ከዚያ በፊት ጀግና ነበርኩ ማለቴ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አካሌ አልታዘዝ አለኝ። ሰው ሲበዛ ልቤ ይደልቃል፣ መዳፌ ይረጥባል፣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ የሚዞር ይመስለኛል። ሚኒባስ ስሳፈር በሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም፤ ረዳቶቹ ለምደውኛል። ፎቅ ላይ ያለ ደንበኛ ክርና ጥለት ሲያዘኝ ሰው ነው የምልከው። የሸማ ተራ ሰዎች ቤቴ ለአማኑኤል ሆስፒታል መቅረቡን እያነሱ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

ኢክላስን ለመካስ ብዬ አንበሳ ግቢ ወስጃት ነበር። አንበሳው ተኝቷል። «ይሄ መቼ ነው የሚነሳው?» ብላ ጠየቀችኝና ተመለስን።

የግድ ካልሽ ጎረቤታችን እትዬ ቦሰና ይዘዋት ይሂዱ። ከሱቅ እስክመለስ የሚጠብቁልኝ እሳቸው ናቸው፤ ኢክላስም ትወዳቸዋለች። «እኔ ልውሰዳት፣ እርስዎ ቤትዎ ይቀመጡ» ብለውኛል። በዚህ ከተስማማሽ ጻፊልኝ።

ባህረዲን

*

ሻርጃ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ባህረዲን፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህች ወረቀት እርስዎንም ልጄንም በጤና ታግኝልኝ።

ከእትዬ ቦሰና ጋር አይሁን። እሳቸውን ጠልቼ አይደለም፤ እርስዎ ራስዎ እንዲሄዱ ስለምፈልግ ነው። ቀኑ ደግሞ እሁድ ግንቦት 16 ይሁን፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ። ቢጫውን ቀሚስ ያልብሷት። ሌላው ቢቀር ቢቀር ትልቁ ሽክርክሪት ላይ አብረዋት ይውጡ፤ ብቻዋን እንዳትወጣ። እጇን ይያዟት።

ለምን አይበሉኝ። አስቸግሬዎት አላውቅም፤ ይቺን ብቻ።

ሌላም ልጠይቅዎት። በዚህ ሰሞን ትምህርት ቤቷ ወይም ሱቅዎ ድረስ መጥቶ ስለ ኢክላስ የጠየቀ ሰው አለ? እንዲሁ ነው የጠየቅኩት።

ሉብና

*

መርካቶ፣ ግንቦት 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለሉብና፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ሐሳብሽን ያቅልልሽ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺ እንዲሁ የምትጠይቂ ሰው አይደለሽም። ሱቄ የመጣ ሰው የለም። እትዬ ቦሰና ግን አንድ ሰው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቆሎ ሲበላ አይቻለሁ ይላሉ። ልጆቹ ሲወጡ ዓይኑ ኢክላስ ላይ ነበር ይላሉ። እሳቸው ሲጠጉት ሄደ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ሱቄን በጊዜ እየዘጋሁ ራሴ ነኝ የማመጣት።

ሙናዊርን ሱቁ ድረስ ሄጄ «ሉብና ምን ሆናለች?» አልኩት። «ምን ትሆናለች፣ ደህና ናት» አለኝና ካርቶን ማገላበጥ ጀመረ። ቀና ብሎ አላየኝም። ለምን ያ እሁድ? ለምን ስምንት ሰዓት? ለምን ቢጫው ቀሚስ? መልሽልኝ።

እሺ፣ እሄዳለሁ። ቦታውን አስቀድሜ ሳላየው ግን አልሄድም ብዬ ባለፈው ረቡዕ ብቻዬን ሄድኩ። ሰው አይበዛም ብዬ ነው ረቡዕን የመረጥኩት። አልገባሁም፤ አጥሩን ይዤ ከውጭ አየሁት። ሽክርክሪቱ ከዛፎቹ በላይ ነው። አራት አራት ሰው የሚይዙ የብረት ሳጥኖች ተንጠልጥለውበታል። ሲዞር ይጮኻል፤ ዘይት ይፈልጋል። ትኬት የምትቆርጠዋን ልጅ «እሁድ ግንቦት 16 መብራት ቢሄድስ?» አልኳት፤ መቼም ዘንድሮ መብራት በፈረቃ መሆኑን ሰምተሻል። «አባባ፣ ያ እሁድ ሰፈራችን መብራት የሚያገኝበት ተራ ነው፤ ባይሆንም ጀነሬተር አለን» አለችኝ። «ጀነሬተሩ ተሞክሯል?» ብላት ከኋላዬ ወዳለው ሰው ዞረች።

ለኢክላስ ነግሬያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዋን ሳይነገራት ትሠራለች። ቀሚሱን ግድግዳው ላይ ሰቅላ እያየችው ነው የምትተኛው።

ባህረዲን

*

ሻርጃ፣ ግንቦት 10 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ይህን በችኮላ ነው የጻፍኩት፤ አገር ቤት የሚገባ ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ከእሁድ በፊት ይድረስልኝ እያልኩ ነው።

እዚያ ስትሄዱ አንድ የማውቀው ሰው ሰላም ሊላችሁ ይችላል። አይደንግጡ። አይቆጡት። ግን የኢክላስን እጅ አይልቀቁ፣ በአላህ ይሁንብዎ አይልቀቁ። ከእሱ ጋር የትም እንዳትሄድ። እንደተመለሳችሁ ይጻፉልኝ፤ እንቅልፍ የለኝም።

ሉብና

*

መርካቶ፣ ማክሰኞ ግንቦት 18 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለሉብና፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ኢክላስ ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው። የመጨረሻ ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። «አይደንግጡ» ይላል። ደንግጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው የደረሰኝ።

እሁድ ዕለት ኮንትራት ታክሲ ያዝን። ሹፌሩን ቀስ በል፣ ቀስ በል እያልኩ አስመረርኩት፤ «አባባ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ መቆሜ ነው» አለኝ። ኢክላስ ሳቀች። በሩ ጋ ስንደርስ ሰው እንደ ገበያ ነው። ሙዚቃው ደረቴ ውስጥ ነው የሚመታው። የአንዱ ልጅ ፊኛ ፈነዳና እኔ ዘለልኩ። ኢክላስ እጄን ጨብጣ «ፊኛ ነው ጋሼ» አለችኝ።

መጀመሪያ የሚዞሩት ፈረሶች ላይ ወጣች። እኔ አጥሩን ይዤ ብሎኖቹን ሳይ ቆየሁ። ባለፈች ቁጥር እጇን ታወዛውዝልኛለች፤ እኔም በሁለት እጅ ያዢ እያልኩ እጮኻለሁ። ሰው ያየኛል። ይየኝ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ለሽክርክሪቱ ተሰለፍን። ከኋላችን ስስ ጃኬት የለበሰ ቀጭን ሰው ቆሟል። አንድ ትንሽ ፌስታል ይዟል። ልጅ አልያዘም። ልጅ ያልያዘ ሰው እዚህ ምን ይሠራል ብዬ ኢክላስን ወደ ፊቴ አዞርኳት። ተራችን ደርሶ ስንገባ በር ዘጊው «ቦታ አለ! አንድ ሰው ይጨመር!» አለ። ሰውየው «ይቅርታ፣ አብሬያችሁ ልግባ?» ሲል እሺ ሳልለው ገብቶ ከፊት ለፊታችን ተቀመጠ። በሩ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ከውስጥም ከውጭም የሚከፈት ቀላል ብረት ነው። ይህንን ገና ስገባ ነው ያየሁት።

ተነሳን። እግሬ ሥር ያለው መሬት ሲርቅ ዓይኔን ጨፈንኩ። ኢክላስ «ጋሼ! ቤታችን ይታያል? ሱቅዎስ የቱ ጋ ነው?» ትላለች። «አዎ፣ ይታያል» እላታለሁ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ። ሰውየው በጣቱ እያሳየ «ያ ተራራ እንጦጦ ነው፤ መርካቶ ወደዚያ ናት» አላት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ሙዚቃው ቀጥ አለ። ከዚያ እኛም ቆምን።

ሳጥኑ ትንሽ ወዘወዘን። ታች ሰው «ኡ!» አለ። መብራት ሄደ! እያለ አንዱ ይጮኻል። ጀነሬተሩ ሁለት ሦስቴ አስነጠሰና ዝም አለ። ነፋሱ ይሰማል፤ ካፊያም ጀመረ። አካሌ እንዴት እንደሆነ ልጽፍልሽ አልችልም። አየር አጠረኝ። እጄ ከክንዴ የተለየ መሰለኝ።

ኢክላስ «ውሃ ጠማኝ» አለች። ሰውየው ከፌስታሉ ጭማቂ አውጥቶ ሰጣት። አትቀበዪ ልላት ስል «አይስጉ፣ ብርቱካን ነው። ማንጎ አልገዛሁም፤ ማንጎ ፊቷን ያሳብጠዋል» አለኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

የፌስታሉን አፍ ቋጠረ።

«ማን ነገረህ አልኩህ! አንተ ማነህ?»

ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ። «ሰላሁዲን እባላለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ኢክላስ ጭማቂውን ከአፏ አውርዳ «የኔ አባት ስምም ሰላሁዲን ነው!» አለች። «ኢክላስ ሰላሁዲን ነው የምባለው።»

ሉብና፣ ያን ጊዜ ሰውየው እኔን እንዴት እንዳየኝ! የሚለምን ሰው አስተያየት ነው። ልናገር ወይ? እያለ ነው፣ ያለ ቃል። እኔ ደግሞ «ብዙ ሰላሁዲን አለ» አልኩ።

በሐሳቤ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሊወስዳት ነው የመጣው። በአንድ ክንዴ ልጅቷን ወደኔ ጎትቼ ተነሳሁ። ሳጥኑ አዘመመ፤ ኢክላስ ጮኸች። «ጋሼ፣ ይቀመጡ! በአላህ ይቀመጡ!» አለኝ። ከዚያ ወደ እጄ አየ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። መቼ እንደያዝኩት አላውቅም። ብረቱን ግማሽ ድረስ ስቤዋለሁ።

ያን ሰው ምንም ልበለው፣ ያደረገውን ልመስክርለት። አልጮኸም፣ አልታገለኝም። መዳፉን በእጄ ላይ አሳረፈና «ጋሼ፣ ሱቅዎ የምን ሱቅ ነው?» አለኝ። እንደ ገበያተኛ። ኢክላስ ናት የመለሰችው፤ «ክርና ጥለት ይሸጣሉ።» «ምን ምን ቀለም አላችሁ?» አላት። «ቀይ፣ አረንጓዴ፣ የወርቅ፣ የብር…» «ሰማያዊስ?» «ሁለት ዓይነት ሰማያዊ አለ፤ ጠቆር ያለው የአረብኛውና የሰማዩ።» እንዲህ እያሉ ቀለም ሲቆጥሩ ጣቶቼ አንድ በአንድ ተላቀቁ። መቀርቀሪያውን ወደ ቦታው መልሶ፣ ጃኬቱን አውልቆ አሰረበት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የኔ ከሆነ ግን ተቀምጬም አልቆመም።

ሠራተኞቹ ሽክርክሪቱን በእጅ እየገፉ፣ ሳጥን በሳጥን አወረዱን። ብዙ ቆየን። ኢክላስ ጭማቂዋን ጨርሳ ተኛችብኝ።

መሬት ስረግጥ አጥሩ ጥግ ሄጄ አስመለሰኝ። ሰውየው ውሃ ይዞ ተከተለኝ። «ሉብና ናት የፈቀደችልኝ። ልወስዳት አልመጣሁም፤ ላያት ብቻ ነው» አለኝ። ኢክላስ «ተጋጪ መኪናውስ ሊቀርብኝ ነው?» ትላለች። መብራት የለም ብዬ ይዣት ወጣሁ። ወደ ኋላ ሳይ እዚያው ዝናቡ ላይ ቆሟል።

እና አንቺ ታውቂ ነበር። ሙናዊርም ያውቅ ነበር። ያን ሁሉ ከፍታ ያወጣሽኝ ሳታምኚኝ ነው። ለልጅቷ ምንም አልነገርኳትም፤ ምን እንደምነግራት እኔም አላውቅም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ ይኼ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

መልስሽን እጠብቃለሁ።
ባህረዲን

*

ሻርጃ፣ ሰኔ 24 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ባህረዲን፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ለልጄ የዘረጉትን እጅ አላህ አይቀንስብዎ።

መልሴ የዘገየው ጽፌ ጽፌ ስለምቀደው ነው።

ሰላሁዲን ደቡብ አፍሪካ ገባ ከተባለ በኋላ ስሙን እንኳን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሱ ቢኖር እኔ ልጄን ጥዬ እዚህ አልመጣም ነበር፤ ይህን እርስዎ ያውቃሉ። በጥር ወር ስልኬን ከቡታጅራ ዘመዶች ተቀብሎ ደወለ። ተመልሻለሁ፣ ልጄን አሳዩኝ አለኝ። እምቢ ስለው ሸሪዓ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ አለ። እኔ እዚህ ሆኜ ማን ቆሞ ይከራከርልኛል?

አንድ ጊዜ፣ ከሩቅ አልልም ከቅርብ፣ እይና ተወን አልኩት። ቤት ቢመጣ ይዟት ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። መንገድ ላይ ቢያገኛት መኪና ያስገባታል ብዬ ፈራሁ። ሽክርክሪት ላይ ግን ማንም ልጅ ይዞ ሊሮጥ አይችልም። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ቀሚሱ እንዲለያት ነው። እትዬ ቦሰናን እምቢ ያልኩት ደግሞ፣ ምን ቢመጣ የልጄን እጅ የማይለቅ ሰው ከእርስዎ ሌላ ስለማላውቅ ነው። ብነግርዎት በሩን ዘግተው ይቀመጡ ነበር። ዋሸሁ?

አሁን ግን ነገሩ ከእጄ ወጣ። አንድ ጊዜ ያለው ሰው በየሳምንቱ ልያት ይላል። ድምፁን አለሰለሰ፣ ይለምነኛል፤ የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ሲቆጣ አውቀዋለሁ፤ ሲለምን አላውቀውም። ጋሼ፣ ትምህርት ሳይከፈት ኢክላስን ቡታጅራ እናቴ ዘንድ ይውሰዷት። ለማንም አይንገሩ፤ ለሙናዊርም። እስክመጣ ድረስ እዚያ ትደበቅ። ሱቅዎ ከመጣ አላውቅም ይበሉት።

መቼ እንደምመጣ አይጠይቁኝ፤ ቀን መቁረጥ አልችልም።

ሉብና

*

መርካቶ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሉብና፤

ወዓለይኩም አሰላም። ረመዳን እየደረሰ ነው፤ ቀልብሽ አርፎ የምትጾሚው ያድርግልሽ።

ያልሽኝን አልዋሽሽም፤ ላደርገው ነበር። የኢክላስን ልብስ በፌስታል አድርጌ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄድኩ። እሷ «የት ነው የምንሄደው?» ስትለኝ «የእናትሽ እናት ጋ» አልኳት። «እሱ እንዳያገኘኝ ነው?» አለችኝ።

«እሱ ማነው?»

«አባቴ።»

የአውቶቡሱ ረዳት ስማችንን እየጠየቀ ነው፣ ሰው ይገፋናል፣ ጆሮዬ ውስጥ ያ ወፍጮ ጀምሯል። ወደ ጥግ ወስጄ «ማን ነገረሽ?» አልኳት። «ማንም። ብዙ ሰላሁዲን አለ ሲሉ የሱ እጅ ተንቀጠቀጠ። የእርስዎ ሁልጊዜ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ የሱ ግን ያን ጊዜ ነው የጀመረው» አለችኝ። ያን ሁሉ ሳምንት ይዛው ነበር ሉብና። እንዳልጨነቅ ብላ ነው ያልጠየቀችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ለኔ ትጠነቀቃለች!

ፌስታሉን ይዤ ተመለስኩ። አልደብቃትም። ትልቅ ሰው የሚሸሸውን ሲሸሽ ልጅ የምትሸከመውን አየሁት።

ሰላሁዲን ሱቄ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። አላውቅም አላልኩትም። አስቀመጥኩትና ለምን እንደጠፋ ጠየቅኩት። የከፈታትን ሱቅ እዚያ ዘርፈው አቃጠሉበት፤ ባዶ እጄን መመለስ አፈርኩ፣ ባፈርኩ ቁጥር ዓመት ተጨመረ አለኝ። ይህ ምክንያት ይሁን አይሁን አንቺ ትፈርጂያለሽ፤ ተበዳይዋ አንቺ ነሽ፣ እኔ ይቅር ልልልሽ አልችልም። እኔ የማውቀው አንድ እሁድ ያየሁትን ነው። የትምህርት ቤቱ በር ላይ የቆምከው አንተ ነህ ወይ ስለው እኔ ነኝ አለ። ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርግ፤ የምትመጣ ከሆነ በበር ነው አልኩት።

የተራችንን ሽማግሌዎች ሰብስቤ በፊታቸው ቃሉን ተቀበልኩ። እናቷ ሳትመጣ ልጅቷን ከዚህ ቤት አልወስድም ብሏል። እሁድ እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ ይመጣል፤ እኔ ባለሁበት። ትናደጂብኛለሽ። ተናደጂ። እኔ ግን ከሩቅ ሆነሽ የምታዪው ሰውና እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያላበው ሰው አንድ አልሆኑልኝም።

የመጀመሪያው እሁድ ኢክላስ መጋረጃው ኋላ ገብታ አልወጣም አለች። እሱ የመጋረጃውን ጫፍ እያየ ሻይውን ጠጥቶ ሄደ። በሁለተኛው እሁድ ጫማዋ ከመጋረጃው ሥር ይታይ ነበር፤ እትዬ ቦሰና «ጫማው ሰላም ይበልህ» ብለው አሳቁን እንጂ ጭንቅ ነበር። በቀጣዩ እሁድ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ይዛ ወጣች። እንግሊዝኛ ከኔ የማይሆን ነገር ነው፤ ታውቂያለሽ። ፊት ለፊቱ ቆማ «ይሄን ያነቡታል?» አለችው። አነበበላት። «ቲቸር እንደዚያ አትለውም» አለችው። «እኔ በነበርኩበት አገር እንዲህ ነው የሚሉት» አላት። «ታዲያ ተሳስተዋል» አለችው።

ባለፈው እሁድም መጣ። ዝናብ ነበር። ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቃል ላይ ተጣልተው ሲከራከሩ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። እንደ ልማዴ የመስኮቱን መዝጊያ፣ የምድጃውን ጋዝ፣ የበሩን ቁልፍ አየሁ። እትዬ ቦሰና ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ማንም የለም። ጃንጥላዬን አነሳሁና «መጣሁ» አልኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም።

ከግቢው ስወጣ ልቤ ጀመረ። መዳፌ ረጠበ። መስጊዱ ጋ ስደርስ ልመለስ ዞርኩ፤ አልተመለስኩም። እህል በረንዳ ድረስ ሄድኩ፤ ሱቆቹ ተዘግተው፣ ጤፍ የፈሰሰበት አስፋልት ላይ እርግቦች ይለቅማሉ። አንድ ግድግዳ ተደግፌ ካፊያው እስኪያባራ ቆየሁ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ምንም አላደረግኩም። ከዚያ ቀስ ብዬ ተመለስኩ፣ ሳልሮጥ። በሩ እንደተውኩት ገርበብ እንዳለ ነው። ከመግባቴ በፊት ትንሽ ቆምኩ።

ሁለቱም እዚያው ነበሩ።

ቀን ቆርጠሽ ጻፊልኝ።
ወንድምሽ ባህረዲን